አሸንና እንጉዳይ፡ የአንድ ቤት ልጆች

«እንደ አሸን ፈሉ» እንላለን፤ ካፌ ሲበዛ፣ ሱቅ ሲበዛ፣ ኮሌጅ ሲበዛ። «እንደ እንጉዳይ ፈሉ»ም እንላለን። የኛን ዲፓርትመንት የዜና ልምምዶች የሚያርም መምህር ሁለቱን አባባሎች በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያገኛቸው እሱ ይቁጠረው። ለመሆኑ አሸን ምንድን ነው? እንጉዳይስ ከየት ይመጣል? አሸን ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥቶ ከኩይሳው የሚወጣ ምስጥ ነው። ኩይሳ ላይ ክረምት የሚበቅለው እንጉዳይ ደግሞ ያው ምስጥ ከመሬት ውስጥ የሚያለማው ሰብል ነው። በየቀኑ የምንጽፋቸው ሁለት አባባሎች ከአንድ ቤት የወጡ መሆናቸውን ሳናውቅ እንጽፋቸዋለን ማለት ነው።

ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ቡለቲን ባልጻፍኩ። የኔ ሃሳብ ይሄ ነው፦ ምስጥን የምንዘግበው እንደ ወራሪ ጦር ብቻ ስለሆነ በምስጥ የተቸገረውን ገበሬ አልረዳነውም። ምስጡ ምን እንደሚሠራ ሳንነግረው «ዘመቻ ተጀመረ» ብቻ እንለዋለን።

እስኪ ከጉንዳን እንጀምር። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር ይመክረዋል። በአሜሪካ አህጉራት ደግሞ ከዚያም የባሱ ታታሪዎች አሉ። ቅጠል እየቆረጡ ወደ ጎሬያቸው ያስገባሉ፤ ቅጠሉን ግን አይበሉትም። አኝከው ፈንገስ ያበቅሉበታል፤ የሚበሉት ፈንገሱን ነው። አዲሷ ንግሥት ከእናቷ ቤት ስትወጣ ትንሽ ፈንገስ በአፏ ይዛ ትወጣለች፤ ልክ አዲስ ጎጆ የምትወጣ ሴት ከእናቷ ቤት እርሾ ይዛ እንደምትሄደው። እርሾው ከጠፋ ቤቱም የለም። ሰብሉን የሚያጠቃ ሌላ ፈንገስ ሲመጣባቸውም ገላቸው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መድኃኒት ያመርቱላቸዋል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ እነዚህ ጉንዳኖች እርሻ ከጀመሩ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል ይላል። የሰው ልጅ ማረስ ከጀመረ ከ12 ሺህ ዓመት ብዙም አይበልጥም።

እነዚህ ጉንዳኖች እኛ አገር የሉም። በአፍሪካና በእስያ ይህን ሥራ የያዘው ምስጥ ነው። የምስጥ እርሻ የተጀመረውም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጠመንጃ ያዥ ቁጭ ብለን ይህን አናይም፤ አዲስ አበባ ለትልልቁ ኩይሳ ሠሪ ብርዳም ነች፣ አስፋልቱና ኮንዶሚኒየሙም ቦታ አልተወለትም። ወደ ወለጋ ወይም ወደ ቦረና የተጓዘ ሰው ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ማየቱ አይቀርም።

ውስጡ ምን አለ? ሠራተኛው ምስጥ የደረቀ ሣር፣ ቅጠልና እንጨት ያመጣል። ወጣቶቹ ይህን ከፈንገሱ ዘር ጋር አብረው ይበሉና በደንብ ሳይፈጭ ያወጡታል፤ ከዚያ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ይሠሩበታል። ፈንገሱ እዚያ ላይ ይበቅላል፤ ምስጡ ብቻውን የማይችለውን ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ይሰባብርለታል። ትንንሽ ነጫጭ እንክብሎችም ያወጣል። የቆየውን «እንጀራ» ደግሞ በዕድሜ የገፉት ሠራተኞች ይበሉታል። ኩይሳው ውስጥ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እርጥበትም አይጠፋም። ፈንገሱ ቤትና ቀለብ ያገኛል፣ አረሙም ይነቀልለታል። ምስጦቹ ካለቁ ሌላ ፈንገስ ቤቱን ይወርሳል። ሳይንሱ ሲምባዮሲስ ይለዋል፤ የኛ ገበሬ ቢጠየቅ «የእኩል እርሻ ነው» ብሎ የሚያልፈው ይመስለኛል። አንዱ መሬት፣ ሌላው ጉልበት።

በነገራችን ላይ ኩይሳ ውስጥም ጠመንጃ ያዥ አለ። ወታደሩ ምስጥ መንጋጋው ለውጊያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ራሱን መመገብ አይችልም፤ የሚያጎርሰው ሠራተኛው ነው። ይህን ለፖለቲካ አምድ ጸሐፊዎቻችን ትቼዋለሁ።

ታዲያ እንጉዳዩስ? ብዙዎቹ የምስጥ ዝርያዎች እንደ ጉንዳኗ ንግሥት እርሾ ይዘው አይወጡም። አሸኑ በዝናብ በርሮ አዲስ ቤት ይመሠርታል። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ለሥራ ሲወጡ ከድሮዎቹ ኩይሳዎች ላይ እንጉዳይ ብቅ ይላል፤ ዘሩን ከዚያ ይለቅማሉ። እኛም ከምስጡ እንሻማለን። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የማጃንግ ሕዝብ እንጉዳይ ለቅሞ የመመገብ ባህሉ በጥናት ተመዝግቧል። በደጋው ግን ብዙዎቻችን እንጉዳዩን ሁሉ «የጅብ ጥላ» ብለን እናልፈዋለን። ጥንቃቄው ክፋት የለውም፤ የሚገድል እንጉዳይ ስላለ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ለለቀማ የሚወጣ እንዳይኖር አደራ። ሆኖም የሚበላውን ከማይበላው ለይተው የሚያውቁ ሰዎች እያሉን አንድም ቀን ማይክሮፎን አለማቅረባችን ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በምዕራብ ወለጋ፣ በመና ሲቡና በአካባቢው ወረዳዎች፣ ምስጥ ለአስርት ዓመታት የገበሬው መከራ ነው። በቆሎውን ይጥላል፣ የባህር ዛፍ ችግኙን ያደርቃል፣ የሣር ቤቱን ይበላል። ጎጆው በጥቂት ዓመት ውስጥ ዳግም የሚሠራበት ሰው «30 ሚሊዮን ዓመት ያረሰ ድንቅ ፍጡር» ቢሉት ቢቆጣ ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። እኔም ምስጥን እንውደድ እያልኩ አይደለም።

ግን ለዚህ ችግር ስንሰጠው የኖረውን መልስ እንየው። አንዱ ኩይሳውን ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት ነው። ሌላው መርዝ ማፍሰስ ነው። ለምስጥ በዓለም ዙሪያ ሲፈሱ ከነበሩት መርዞች መካከል አልድሪንና ዲልድሪን እ.ኤ.አ በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት ከተከለከሉት ውስጥ ናቸው፤ ምክንያቱም ከአፈርና ከሰው ገላ ቶሎ አይወጡም። ስምምነቱን አገራችንም ተቀብላዋለች። ቁፋሮውም ቢሆን ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ኩይሳ ከአንድ በላይ ንግሥት ስላለው ደግሞ ሁሌ አይሳካም።

የምስጡን እርሻ የተረዳ ሰው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይሄ ምስጥ ለፈንገሱ የሚሆነውን ደረቅ ሣርና ቅጠል ከየት ያመጣ ነበር? ዛፉ ሲቆረጥ፣ ግጦሹ ሲራቆት፣ ገለባው ከማሳ ሲጠረግ ምስጡ እርሻውን አያቆምም። ማቆም አይችልም፤ ሰብሉ ከሞተ እሱም ይሞታል። የቀረለት ያንተ በቆሎና ያንተ ጎጆ ነው። ችግሩን ያጠኑ ባለሙያዎች የምስጡን ጉዳት ከመሬቱ መራቆት ጋር የሚያያይዙት ለዚህ ነው። እንደ አዋልዲጌሳ ያሉት ምስጥ በል አውሬዎች ሲጠፉም የሚቀንሰው የለም። ስለዚህ «የምስጥ ወረራ» ብለን የምንዘግበው ነገር ግማሹ የሣር ዜና ነው፤ እኛ ግን ሣሩን ጠይቀነው አናውቅም።

«ይህ የግብርና ባለሙያ ሥራ ነው፣ ጋዜጠኛ ምን አገባው?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ባለሙያው ያጠናው ጥናት መደርደሪያ ላይ ከቀረ ገበሬው ጋ የሚያደርሰው ማነው? ደግሞ ጥድፊያም አያዋጣም። በሐራሬ እ.ኤ.አ በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት ሕንፃ የኩይሳን አየር አወጣጥ ተከትሎ መሠራቱን ጋዜጦች ሁሉ ጻፉ። በኋላ ተመራማሪዎች ኩይሳው የሚተነፍሰው በወቅቱ እንደታሰበው እንዳልሆነ አሳዩ። ሕንፃው ጥሩ ነው፣ ታሪኩም ያምራል፤ ማረሚያውን ግን ስንቱ ጋዜጣ አወጣው?

ለዲፓርትመንታችን ያለኝ ሃሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሳይንስ ዘገባ እንደ ስፖርትና እንደ ፖለቲካ ራሱን ችሎ በልምምድ ጋዜጣችን ላይ ቋሚ ገጽ ይኑረው፤ ምንም ካልተገኘ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ጽሑፍ በቀላል አማርኛ ማቅረብ ይቻላል። ሁለተኛ፣ «ወረራ»፣ «ዘመቻ»፣ «ጠላት» የሚሉትን ቃላት ለተባይ ስንጠቀም አንድ ጥያቄ አብረን የመጻፍ ልማድ ይኑረን፦ ይሄ ነፍሳት ዱሮ ምን ይበላ ነበር? የዚህ መልስ ያለበት ዜና ለመና ሲቡ ገበሬ ከአስር የዘመቻ ዜና ይሻለዋል፤ ገለባውን ማሳው ላይ ቢተው፣ ግጦሹን ቢከልል ምን እንደሚያተርፍ ያስብበታልና።

እስከዚያው ድረስ ግን ቢያንስ «እንደ አሸን ፈሉ» ብለን ስንጽፍ የምን ልጅ እንደጠራን እንወቅ። ቸር እንሰንብት።