የርቀት የአእምሮ ሕክምና ለብቸናና ለሞጣ፦ ከምስሉ ድምፁ

በብቸናና በሞጣ ዙሪያ የሚኖር የአእምሮ ሕመምተኛ ወደ ልዩ ሕክምና የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው። በቅርቡ ያለው ጤና ተቋም ካልረዳው ደብረ ማርቆስን ወይም ባሕር ዳርን ያስባል፤ ከዚያ ካለፈም ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ይሄዳል። አስታማሚ ስለሚከተለው የሁለት ሰው መሳፈሪያና የአልጋ ኪራይ ከእህል ወይም ከከብት ሽያጭ ይወጣል። ስለሆነም በርቀት የሚሰጥ የተመላላሽ ሕክምና ለዚህ አካባቢ ቅንጦት ነው ማለት አያስኬድም። አከራካሪው በምን መሣሪያና በማን እጅ ይሰጥ የሚለው ነው።

በበለጸጉት አገሮች የተለመደው አሠራር ታካሚው ዘመናዊ ስልክ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና በሩን ዘግቶ የሚነጋገርበት ክፍል እንዳለው ይገምታል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ያስታወሰ ሰው፣ በምስል ጥሪ ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ሕመም በሚበረታበት ጊዜ እንደሚከዳ አይስተውም። ተራ የድምፅ ጥሪ፣ እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ የማያስተማምን ቢሆንም፣ ይሻላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ግምት ነው። የገጠር ቤት ስልኩ አንድ፣ ጆሮው ብዙ ነው። ሰው ለንስሐ አባቱ እንኳ ኃጢአቱን የሚናገረው ከሰው ፈቀቅ ብሎ ነው፤ ባሏ በመጠጥ የተጎዳባት ሴት እዚያው ቤት ውስጥ ሆና ለሐኪም ምን ልትናገር ትችላለች? ስለዚህ ጥሪው ወደ ቤት ሳይሆን በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ወደ ተዘጋጀ ክፍል መሆን ይገባዋል።

በመጠጥ ሱስ ረገድ ጥንቃቄው ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ የተጠጣውን በመደበኛ መጠን ይቆጥራል፤ በቤት የሚወጣ አረቄ ጥንካሬው ግን ከአንዷ አውጪ ወደ ሌላዋ ይለያያል። ብርጭቆው «መለኪያ» ቢባልም የአልኮሉን ልክ አይናገርም። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በስልክ ምክር ብቻ በድንገት ቢያቆም ደግሞ የሚጥል መንቀጥቀጥና የአእምሮ መቃወስ ሊደርስበት፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ ዐይቶ የሚመረምረው ባለሙያ ያስፈልጋል።

ይህ ባለሙያ የግድ የአእምሮ ሐኪም አይደለም። በጉራጌ አካባቢ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት ሳይካያትሪ መጽሔት የታተመው ሙከራ፣ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጠው የጽኑ የአእምሮ ሕመም ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። እርግጥ ሙከራው በአካል የተሰጠን ሕክምና እንጂ የስልክን አልመዘነም፤ ስለ አረቄ ሱስም ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ለስልኩ ተገቢውን ቦታ ይጠቁማል፤ የደብረ ማርቆሱ ባለሙያ በስልክ የሚደግፈው በቅድሚያ የጤና ጣቢያውን ሠራተኛ ነው፤ ታካሚው ሠራተኛው ባለበት ይነጋገራል፣ መድኃኒቱንም ከዚያው ይወስዳል። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ከጠፋ፣ ወይም በብቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች መጠጥ ለሚያቆም ሰው የሚለቀቅ አልጋ ከሌለ፣ ለስልክ መስመሩ የሚመደበው ገንዘብ አስቀድሞ ወደዚያ መዞር አለበት።