ኮምፒዩተር በስሙ አይገዛም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኮምፒዩተርን ስም ግን መልአክ ሳይሆን ነጋዴ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በዚህ ገጽ ላይ የማቀርበው አሳብ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ቪዲዮ ለማቀናበርና ጌም ለመጫወት ብለን ክፍል በክፍል እየገዛን የምንገጣጥመው ኮምፒዩተር በስሙና በመብራቱ ሳይሆን በሚሠራልን ሥራ ሊመረጥ ይገባዋል።

ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ እንጂ የእኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በበኩሌ ከማንም ይልቅ እኛን የሚነካ ይመስለኛል። ቴያትር የሚያጠናው፥ ጋዜጠኝነት የሚማረው፥ የአያቱን ተረት በስልኩ ቀድቶ ለሕዝብ ለማሳየት የሚሻው ተማሪ ሁሉ ሥራው የሚፈጸመው በዚህ መሣሪያ ላይ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የኮምፒዩተር ክፍሎች ደግሞ ከውጭ አገር በዶላር የሚመጡ ናቸው። ይህም አልበቃ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ራም ስለ ተሻሙ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ናረ። እንግዲህ አንድ ተማሪ ይዞት ገበያ የሚወጣው ገንዘብ የአባቱ የዓመት እህል፥ ወይም በዓረብ አገር የምትደክም እኅቱ የላከችው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ገንዘብ መታለል እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ከነጋዴው በፊት ግን ራሳችንን ማታለላችንን ማቆም አለብን። ለቤተ ሰቦቻችን «ለትምህርቴ ነው፥ ቪዲዮ ላቀናብርበት ነው» ብለን ከነገርን በኋላ ገበያ ስንደርስ ዐይናችን የሚያርፈው በጌም ካርዱ ላይ ነው። ጌም መጫወት ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲያጠና የዋለ ሰው ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቢጫወት የሚወቅሰው የለም። ነገር ግን ሁለቱ ሥራዎች ከመሣሪያው የሚጠይቁት ነገር ይለያያል። ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው ገንዘቡን በትክክል ሊያከፋፍል አይችልም።

ጌም እያንዳንዱን ሥዕል እንደ አዲስ የሚሥል ነው። በሴኮንድ 60 ሥዕል እንዲታየን ከፈለግን መሣሪያው አንዱን ሥዕል በ17 ሚሊሴኮንድ ገደማ ሥሎ መጨረስ አለበት፤ የዚህም ሸክም አብዛኛው የሚወድቀው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ቪዲዮ ሲቀናበር ግን ሥዕሉ አስቀድሞ ተቀርጿል፤ ችግሩ ስልካችን ወይም ካሜራችን ቦታ ለመቆጠብ ሲል አምቆ ማስቀመጡ ነው። መሣሪያው የታመቀውን እየፈታ ያሳየናል፥ ወደ ኋላና ወደ ፊት በሄድን ቁጥር እንደገና ይፈታል። አንድ የ1080 ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት አንድ የ4ኬ ሥዕል 8,294,400፥ ማለትም አራት እጥፍ አለው። እዚህ ላይ የሚደክሙት ፕሮሰሰሩ፥ ቪዲዮ የሚፈታው ክፍልና ራሙ ናቸው፤ ካርዱ በብርቱ የሚፈለገው ቀለም ማስተካከልና ልዩ ልዩ ኤፌክት መጨመር ሲጀመር ነው። ለጌም ብቻ የሚገዛ ሰው የገንዘቡን ግማሽ በካርዱ ላይ ቢያውል አላጠፋም። ቪዲዮ ለማቀናበር ብሎ ውድ ካርድ ከ8 ጊጋባይት ራምና ካረጀ ፕሮሰሰር ጋር የሚያጣምር ግን ኮርቻውን በወርቅ አስጊጦ በቅሎዋን እንዳስራበ ሰው ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። በገበያችን ከሁሉ የበለጠ የሚሸጠው ስም «ኮር አይ7» የሚለው ነው። ይህ ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን እስከ ዛሬ ብዙ ትውልድ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ7-2600 4 ኮር አለው፤ በ2022 የወጣው አይ3-12100ም እንዲሁ 4 ኮር አለው። ታናሽ ስም የያዘው አይ3 ግን በየኮሩ የሚሠራው ሥራ ባለ ታላቁን ስም እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ቪዲዮ የሚያምቁበትን ኤች.265 የሚባል ዘዴ አሮጌው አይ7 በራሱ የሚፈታበት ክፍል የለውም፤ ስለዚህ ሥዕሉ እየተንተባተበ ያስቸግራል። በዊንዶውስ 11 በይፋ የሚታወቁት የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ሲሆኑ፥ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። እንግዲህ ሻጩ «አይ7 ነው» ሲል መልሳችን «ስንተኛው ትውልድ?» የሚል መሆን አለበት። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይነግረናል፤ 2600 ሁለተኛው፥ 12400 ዐሥራ ሁለተኛው ነው።

ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ፊደልም መነበብ አለበት። አይ5-12400ና አይ5-12400ኤፍ በ6 ኮርና በፍጥነት አንድ ናቸው፤ ባለ ኤፉ ጥቂት ይረክሳል። የረከሰው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውስጡ የሚገኘው የሥዕል ክፍል ተዘግቷል። ለጌም ተጫዋቹ ምንም አልጎደለበትም፥ ካርድ መግዛቱ አይቀርምና። ለቪዲዮ አቀናባሪው ግን ከዚያ ክፍል ጋር ኩዊክ ሲንክ የሚባለው የታመቀ ቪዲዮ መፍቻ አብሮ ቀርቷል፤ ካርዱም አንድ ቀን ቢበላሽ ስክሪኑ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አይኖርም። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል የሁለቱን ሥራዎች መንገድ ትለያለች። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ም ባለ 6 ኮር ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፤ ነገር ግን የራሱ የሥዕል ክፍል ስለሌለው ካርድ የግድ ይፈልጋል።

ካርድ ስንመርጥም ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ ብልጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ሲሆን፥ በ2023 የወጣው አርቲኤክስ 4060 8 ጊጋባይት ብቻ አለው። በጌም አዲሱ ይፈጥናል፥ የሚወስደውም ኤሌክትሪክ 170 ሳይሆን 115 ዋት ነው። በ4ኬ ቪዲዮ ላይ ብዙ ኤፌክት የሚደራርብ ሰው ግን የአሮጌው ሰፊ ማስታወሻ ሊያዋጣው ይችላል። ማንኛውም ካርድ ከመከፈሉ በፊት ተሰክቶ መታየት አለበት፤ ያረጁ ካርዶች ውስጣቸው ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጡበት ጊዜ አለና። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የካርዱን እውነተኛ ማንነት ለማወቅ ይረዳል።

ለሁለቱም ሥራ የሚበቃ መሣሪያ ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምክር ይህ ነው። ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ይያዝ። ራሙ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ይሁን፤ እሱም አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያገኘው ይፈጥናል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም፤ ስለዚህ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል ሳይታወቅ ራም አይገዛ። ለሥርዓቱና በእጅ ላለው ሥራ ኤስኤስዲ፥ ላለቀው ሥራ ማስቀመጫ ተራ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ለአንድ አጭር ፊልም 5 ሰዓት ብንቀዳ 225 ጊጋባይት ማለት ነው። በሴኮንድ ሲሰላ ግን 12.5 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፥ በሴኮንድ 3,500 ሜጋባይት የሚያነበውን ኤስኤስዲ ትቶ 7,000 የሚያነበውን በውድ መግዛት ለእንዲህ ያለው ቪዲዮ ምንም ያህል አይጠቅምም። በተረፈው ብር ሁለተኛ ቅጂ የሚቀመጥበት ዲስክ ቢገዛ ይሻላል፤ ዲስክ ይሞታልና።

ይህንንም መግዛት ላልቻለ ሰው አንድ ብር የማያስወጣ መድኃኒት አለ። ይኸውም ፕሮክሲ የሚባለው ነው። የማቀናበሪያው ፕሮግራም ከትልቁ ቪዲዮ ትንሽና ለመፍታት ቀላል የሆነ ቅጂ ያዘጋጃል፤ ሥራውን ሁሉ በትንሹ ላይ ሠርተን ስንጨርስ የመጨረሻውን ፊልም ከትልቁ ያወጣልናል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ በሆነው ቅጂው ይህን ያደርጋል። አዲስ ኮምፒዩተር ካልተገዛልኝ ፊልም አልሠራም የሚል ጓደኛ ካለ በመጀመሪያ ይህን ይሞክር።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ማንም የማያየውና ሁሉም የሚሰስትበት ክፍል እሱ ነውና። አንድ የማደሪያ ጓደኛችን ስሙን ከማልጠራው ሱቅ በመስተዋትና በቀለማት መብራት ያሸበረቀ ኮምፒዩተር ገዛ፤ «500 ዋት» የሚልም ተለጥፎበት ነበር። በሁለተኛው ወር ጌም በመጫወት ላይ ሳለ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ፥ ካርዱንም ይዞት ሄደ። ወደ ሱቁ ሲመለስ «የመብራት ኃይሉ ነው እንጂ የእኛ ዕቃ አይደለም» ተባለ። በጎኑ ያለው ጽሑፍ ቀድሞ ቢነበብ ኖሮ ነገሩ ይታወቅ ነበር። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ በዚያ ረድፍ የተጻፈው 22 አምፔር ነበር። 12 ሲባዛ በ22 ደግሞ 264 ዋት እንጂ 500 አይደለም። አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት፥ አይ5-12400 ሲበረታ እስከ 117 ዋት ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ብቻ 287 ዋት ናቸው። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፥ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ታማኝ የሆነ የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ በዚሁ መስመር ላይ 45 አምፔር ያህል ይጽፋል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም የሚናገረው ኤሌክትሪክ ስለ መቆጠቡ እንጂ ዕድሜው ስለ መርዘሙ አይደለም።

መብራት በሚቆራረጥበትና ቮልቱ ከ220 ከፍና ዝቅ በሚልበት አገር፥ ፓወር ሰፕላይን አርክሶ መብራት ለሚያበራ ኬዝ ገንዘብ ማውጣት በእውነቱ ያስቃል። መብራት ሲጠፋ የኬዙም መብራት አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ይልቅ ሥራችንን አስቀምጠን የምናጠፋበትን ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ዩፒኤስ ይሻላል። ኬዙም ፊቱ በመስተዋት የተዘጋ ሳይሆን አየር የሚያስገባ ወንፊት ያለው ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ እዚህ የሚገፋው አየር ያነሰ ስለሆነ የማቀዝቀዝ ኃይሉም ያንሳል።

በማደሪያ ለሚኖር፥ ዕቃውን የሚቆልፍበት ለሌለው ሰው ላፕቶፕ አይሻለውም ወይ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ባትሪ ያለውና የሚያዘው ላፕቶፕ ይበልጥበታል እላለሁ። ገጣጥመን የምንሠራው ግን አንዱ ክፍል ሲያረጅ አንዱን ብቻ ስለምንለውጥ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። አሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝተን ካርድ እንጨምርበት የምንል ካለንም መጠንቀቅ አለብን፤ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ በኩባንያው ልዩ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ ተራው ዕቃ ላይገጥማቸው ይችላል።

በመጨረሻም ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አለኝ። እያንዳንዳችን ለብቻችን ገበያ ስለምንወጣ ሻጩ ሁሉን ዐዋቂ፥ ገዢው ሁልጊዜ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ማኅበሩ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ ማን ምን ክፍል፥ በስንት ብር፥ በየትኛው ወር ገዛ፥ ከስድስት ወር በኋላስ እንዴት ሆነ የሚለው ይጻፍበት። ለመግዛት የሚሄድ ሰው መዝገቡን አይቶ፥ ከዚህ በፊት የገጣጠመ አንድ ጓደኛ ይዞ ይሂድ። ከዚህም አልፎ የፊልም ወዳጆች የሆንን በጋራ አንድ ደኅና የማቀናበሪያ ኮምፒዩተር ብናቆም፥ አምስት ተማሪዎች አምስት የተቃጠሉ ፓወር ሰፕላዮች ከሚኖሯቸው አምስት ያለቁ ፊልሞች ይኖሯቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሚቀረው መዝገቡን ገዝቶ የመጀመሪያውን መስመር መጻፍ ነው።