ገናና ሰኞ ማክሰኞ ወደ ክፍለ ጊዜው ይግቡ

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚያዘልቀው በአንዱ መንገድ ላይ የሚገኙ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። የቢቸና ስም ከጤፏ ጋር ይነሳል። ታኅሣሥ ገብቶ እህሉ ሲሰበሰብ ማሳው ለልጆች ይለቀቃል። ያኔ ጫፉ የቆለመመ ዱላ የያዘ ሁሉ የገና ተጫዋች ነው።

ዱላው እንዲሁ የተገኘ እንጨት አይደለም። ልጁ ከቁጥቋጦው መካከል ራሱ የጎበጠ ቅርንጫፍ መርጦ ይቆርጣል፤ ይልጠዋል፤ ጉብጠቱ ለመምታት እንዲመች አድርጎ ይጠርበዋል። ሩር የምትባለው ኳስም ከእንጨት ተድቦልቡላ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። ጨዋታው ሲጀመር ልጁ ይሮጣል፣ ድንገት ይቆማል፣ ወገቡን አጥፎ ይመታል፣ ዞሮ እንደገና ይፈተለካል። መምህሩ ፍጥነት፣ ቅልጥፍና፣ ብርታት እያለ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ ልጁ ማሳው ላይ በላቡ ይሠራዋል።

ሰኞ ማክሰኞም ከዚህ አይተናነስም። ልጅቷ መሬት ላይ በተጫሩት ቤቶች መካከል በአንድ እግሯ እየዘለለች፣ የሸክላ ስባሪዋን በእግሯ ጣት ጫፍ እየገፋች ከቤት ወደ ቤት ታሻግራለች። መስመር ከረገጠች ወይም ሁለተኛ እግሯ መሬት ከነካ ተራዋ አለፈ። ይህን ለሁለት ደቂቃ ያህል የሞከረ አዋቂ ሰው ሚዛን መጠበቅ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ከባቱ ይረዳዋል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። እነዚህ ጨዋታዎች በቢቸና፣ በሞጣና በአካባቢያቸው ባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መደበኛ ይዘት ይሁኑ። በባህል ቀን ለእንግዳ ታይተው እስከ ከርሞ የሚረሱ ከሆነ ለልጆቹ ጤና የሚፈይዱት ነገር የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ከፍ አድርጎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ታዳጊዎች 81 በመቶዎቹ በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም። ከገጠር በእግሩ ተመላልሶ የሚማር፣ ከብት የሚያግድ ልጅ ይህን ልክ ሳያስበው ሊያልፈው ይችላል። የከተማው ልጅ ግን ከክፍል ወንበር ወደ ስልክና ቴሌቪዥን ፊት ነው የሚሄደው።

ትምህርት ቤት ይህን ጉድለት እንዳይሞላ ሁልጊዜ የሚነሳው ምክንያት የዕቃ እጥረት ነው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ኳስ ሲወረወር ጎበዞቹ ይሯሯጣሉ፣ የቀረው ዳር ቆሞ ያያል። በእነዚህ ጨዋታዎች ሜዳውን ከፋፍሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጫወት ይቻላል። እዚህ ገመድ ዝላይ፣ እዚያ ሰኞ ማክሰኞ፣ ወዲያ ገመድ ጉተታ፣ በሰፊው በኩል ገና።

ሥራው ከዜሮ አይጀመርም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና፣ ለትግልና ለፈረስ ጉግስ ደንብ አውጥቶ ክልሎችን ለዓመታት ሲያወዳድር ኖሯል። ያ ደንብ ለአሥር ዓመት ልጅ አቅም ተመጥኖ ወደ መምህሩ መምሪያ መግባት አለበት። አየርላንዶች ገናን የሚመስለውን ሀርሊንግ የተባለ ጨዋታቸውን እ.ኤ.አ. በ1884 ማኅበር አቋቁመውለት ትምህርት ቤት ድረስ አስገብተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የኛው ገና ከዚህ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ገና እንደሚያቆስል ግን መሸሸግ አይገባም። በዱላ የተመታ ቅልጥም፣ በሩር የተፈነከተ ግንባር በየዓመቱ የሚታይ ነው። አየርላንዶቹም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለ ራስ ቁር መጫወትን ከልክለዋል። ለኛ ልጆች ሩሩ በጨርቅ ኳስ ይተካ፤ ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሳ ከሜዳ ይውጣ። ሌላው የማይታለፍ ጉዳይ ሴት ልጆች ናቸው። ገና የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ነው የኖረው። በክፍለ ጊዜው ግን ሴቶቹም ዱላ ይጨብጡ፤ ወንዶቹም በአንድ እግር መዝለልን ይማሩ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልልን ባናወጠው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆችም ከጓደኞቻቸው ተለያይተዋል። ስለዚህም በር የተከፈተበት ትምህርት ቤት ሁሉ የመጀመሪያ ሳምንታቱን በጨዋታ ቢጀምር ይህ ጋዜጣ ይደግፋል። ፍርሃት ውስጥ የከረመ ልጅ ከደብተሩ በፊት ጓደኞቹን ማግኘት ይፈልጋል።

የጨዋታው ጥቅም ግን በአፍ ብቻ መነገር የለበትም። መምህራን ከመጀመራቸው በፊት የእያንዳንዱን ተማሪ የ50 ሜትር ሩጫ ሰዓትና ቆሞ የሚዘለውን ርቀት ይመዝግቡ፤ ከሦስት ወር በኋላም መልሰው ይለኩ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካዳሚ ለመምህራኑ አለካኩን ቢያሳይ መዝገቡ ለራሱም ምርምር ይጠቅመዋል። የሁለቱ ከተሞች ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በጥር አንድ ቅዳሜ ይምረጡና የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በገና ይግጠሙ።