ቀለሙ ይቆይ

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ አሮጌ መኪና ነው። አሮጌ ስል ያገለገለ ማለቴ አይደለም፤ በዕድሜ እኔንም ባለቤቴንም ስለምትበልጥ መኪና ነው የማወራችሁ። ከእናንተ መካከል መንገድ ዳር ጎማዋ ተንፍሶ፣ አቧራ ለብሳ የቆመች ቮልስ ባየ ቁጥር «ይህችን ገዝቼ ባሳድሳት» የሚል ሐሳብ ሽው የሚልበት ካለ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቀመጥ። እኔ አድርጌዋለሁ። የተሳሳትኩትን ብነግራችሁ ከእኔ ባነሰ ገንዘብና ከእኔ ባነሰ ድንጋጤ ትወጡታላችሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ልጅ ሳለሁ ግራጫ ቮልስ ነበረችው። ቤታችንን ለመጨረስ ገንዘብ ሲያጥረው በ1979 ዓ.ም. ሸጣት። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ገዢው ይዟት ከግቢ ሲወጣ አባዬ በሩን ዘግቶ መወርወሪያውን ይዞ ትንሽ እንደቆመ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ሐኪሙ ዓይኑ ላይ ግላኮማ እንዳለበት ነገረን። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው። እኔም ያን ቀን አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ዓይኑ ሳይደክም እንደዚያችው ያለች ግራጫ ቮልስ ላሳየው።

ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ነድተዋታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ታውቃላችሁ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ ወጥታለች። እኛ አገር እስከ ዛሬ የቆየችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ፤ የሚፈላ ነገርም የለም። ሥራዋ ቀላል ስለሆነ በተራ መፍቻ ይፈታል፣ በተራ መፍቻ ይገጠማል።

እንግዲህ ፍለጋ ጀመርኩ። በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ 1200 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ቮልስ አገኘሁ። ባለቤቴ ገንዘቡ ለሳሎን ዕቃ የተቀመጠ መሆኑን አስታወሰኝ። «ለአባትሽ ከሆነ እሺ። ግን ትዝታሽ ዋጋ እንዳይከራከርልሽ» አለኝ። ልክ ነበር። ወንበሩ ላይ ገና ስቀመጥ የልጅነቴ ሽታ መጣና መከራከሩን ተውኩት።

ጥሩውን ሥራ የሠራችው የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ናት። መካኒክ የሆነ ወዳጃችን በነገረን መሠረት የማቀዝቀዣችንን ማግኔት ይዛ መጣች። ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። ልጄ ከበሩ ሥር ጀምራ እየለጠፈች ስትዞር «እማዬ፣ እዚህ ጋ አይዝም! እዚህም አይዝም!» እያለች የሻጩን ፊት አጠቆረችው። የተሸፈነ ዝገት ነበር። ዋጋው ወረደ።

እናንተም ቮልስ ልታዩ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። የኋላውን መቀመጫ አንሱ። ባትሪው በስተቀኝ እዚያው ሥር ነው፤ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ገልጣችሁ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፤ ከበሳ ወለሉ መቀየር አለበት ማለት ነው። በሮቹን በቀስታ ዝጉ። በሩን ከፍ ካላደረጋችሁ የማይገጥም ከሆነ ከሥሩ ያለው ክፍት ብረት በዝገት ተዳክሞ አካሉ ሰጥሟል ማለት ነው። በመጨረሻም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሊ በእጃችሁ ያዙና ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት፣ ሳቡት። ኳ ኳ እያለ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሞተሩ ከባድ ጥገና ይጠብቀዋል።

ወረቀቱንም አትርሱ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫው ሥር መሐል ላይ ተመትቷል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ይገኛል። ሁለቱም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለባቸው። የብዙ ቮልሶች ሞተር በዘመናት ውስጥ ስለተቀያየረ ቁጥሩ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። መኪናዋ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗን፣ ውዝፍ ቦሎ እንደሌለባትም ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሰው አሮጌ መኪና ገዝቶ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? እኔ ቀለም ቀባሁ። የአባዬ ዓይን ቀን እየቆጠረብኝ ነበርና ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ሽቦውን «ቀስ ብለን እናየዋለን» ብዬ ተውኩት። ዝገቱ ተፍቆ፣ ላሜራው ተቀይሮ፣ ያችኑ ግራጫ ለብሳ ስትወጣ ጎረቤት ሁሉ ፎቶ ተነሳባት። በማግስቱ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለው የአባዬ ቤት ጉዞ ጀመርኩ።

ቤታችን ወደ ቁስቋም ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ያለውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ከፊቴ ታክሲ ሲቆም ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ምንም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩት። መሪውን ወደ መንገዱ ዳር አዙሬ ጎማው ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ቆምን። ከታክሲው ጋር የቀረን አንድ ክንድ አይሞላም። ልጄ «እማዬ፣ ለምን በዚህ ሄድሽ?» አለችኝ። መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት የዚያ ዘመን ቮልስ አራቱም ጎማዋ በአንድ የፍሬን ዘይት መስመር ነው የሚሠራው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም አብረው ይጠፋሉ። እኛን ያተረፈን የእጅ ፍሬኑ ነው፤ እሱ ከዘይቱ ጋር ግንኙነት የለውም፣ በገመድ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ይይዛል። ያፈሰሰው የዋናው ፍሬን ፖምፓ ጎሚኒ ነበር። ከቀለሙ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት የሆነ ዕቃ ነው።

ቮልስ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ጋሼ መኪናዋን ዙረው አዩና «ልጄ፣ ሙሽራዋን አልብሰሽ አጥንቷን ረሳሽው» አሉኝ። ከዚያም ሥራውን በቅደም ተከተል አስያዙኝ። ይህን ዝርዝር ቆርጣችሁ አስቀምጡት፤ ለቮልስ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይሆናችኋል።

አንደኛ፣ የምትቆምበት። የፍሬን ፖምፓዎች፣ ቱቦዎችና ሸራዎች በሙሉ ይለወጡ፤ ግማሽ በግማሽ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የምትዞርበትና መሬት የምትነካበት። የመሪ ክንዶች፣ ኩሽኔታዎች፣ ጎማዎች። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ለዓመታት ቆሞ ከተሰነጣጠቀ አይታመንም።

ሦስተኛ፣ የምትቃጠልበት። የቮልስ ቤንዚን ታንከር ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ሞተሩ አጠገብ ያለው የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ርካሽ ቱቦ ነው። ቱቦውን ቀይሩ፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ የእሳት ማጥፊያውንም እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ።

አራተኛ፣ ሽቦው። የእኛዋ ባለ ስድስት ቮልት ስለሆነች መብራቷ ደካማ ነው። ስለዚህ ሲመሽ አንነዳትም። ልጆች ለሚቀመጡበት የኋላ ወንበርም ቀበቶ አስገጠምን፤ ከፋብሪካ ስትወጣ አልነበራትም።

አምስተኛ፣ ላሜራውና ቀለሙ። ከሁሉም በኋላ።

የመለዋወጫው ፍለጋ ራሱ አንድ ዓምድ ይወጣዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሶማሌ ተራ እንወርዳለን፤ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዘን፣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን እያስተያየን። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልምከራችሁ፤ ለመኪናው የከፈላችሁትን ያህል ገንዘብ ለጥገና ከሌላችሁ አትጀምሩ። እኛ ከዚያም አልፎብናል። የሳሎናችን ሶፋ አሁንም ያው የድሮው ነው።

አራት ወር ፈጀ። ጋሼ በመጨረሻ «ቫልቩንም እንየው» ሲሉኝ ኪሴ ተሟጦ ነበርና «ሞተሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ይቅር» አልኳቸው። እሳቸውም አልተከራከሩኝም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋን አባዬ ግቢ አስገባኋት። በአራቱ ወር ውስጥ እይታው ይበልጥ ጠቦ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለውን እንደ ቀዳዳ አሾልኮ ያያል እንጂ ዳር ዳሩ ጠፍቷል። ቀለሙን አላነሳም። በእጁ ፓራፋንጎውን ዳሰሰ፣ የበሩን እጀታ ፈልጎ አገኘ፣ ገባና መሪውን ያዘ። «አስነሺያት» አለኝ። አስነሳኋት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ግንባሩን ቋጠረ።

«ዝም ብላለች» አለ።

«አዎ አባዬ፣ ጥሩ ሞተር ነው።»

«አይደለም። ቮልስ ትንሽ ጠቅ ጠቅ ማለት አለባት። ዝም ካለች ቫልቩ ጠብቋል። አጥፊያት።»

በማግስቱ ጋሼ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ለኩ። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት መኖር ነበረበት። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ምንም የለም። እንዲህ የጠበቀ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ማስተላለፍ አቅቶት ይቃጠላል፤ ተሰብሮ ከገባም ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ጋሼ «አባትሽ ሞተር አትርፈውልሻል» አሉኝ። እኔ ለአባዬ ላሳየው ብዬ የለፋሁበትን ቀለም እሱ በቅጡ አላየውም። እኔ ያላየሁትን ግን በጆሮው አገኘው።

አሁን በየወሩ አንድ እሑድ በድሮው መንገድ፣ በአቃቂና በዱከም አድርገን ቢሾፍቱ እንሄዳለን። ፈጣን መንገዱን ለሚቸኩሉት ትተነዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ከ34 የፈረስ ጉልበት አንድ አምስተኛው ያህሉ ይጎድላል። በመመለሻው ዳገት ላይ ሲኖትራክ ጥሩንባ እየነፋ ይቀድመናል፤ እንቀደማለን። መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ቺንጊያና የሚፈታበት መፍቻ አለ። ይህ ቺንጊያ ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውን ፋንም ጭምር ያዞራል። ስለዚህ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ «ቤት እስክንደርስ» አይባልም፤ ዳር ይዞ ወዲያው ማጥፋት ነው። ዘይቷም 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነና ከወንፊት በቀር ፊልትሮ ስለሌላት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳንቀይር አናልፍም።

አባዬ ከፊት ይቀመጣል። ልጄ ከኋላ ሆና የምታየውን ትነግረዋለች፤ ሐይቁን፣ በሬዎቹን፣ የጤፉን ማሳ። እሱ ደግሞ የሚሰማውን ይነግራታል። ባለፈው ጊዜ ዱከምን እንዳለፍን «አባባ፣ አሁን ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀችው። ትንሽ አዳምጦ «ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ ደህና ናት» አላት።

እናንተም ቤታችሁ የቆመ መኪና፣ የአያት ልብስ ስፌት መኪና ወይም የአባት ሬዲዮ ካለ እስኪ አውጡትና ለባለቤቱ አስነኩት። ቀለሙ ይቆይ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።