ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እስከ መቼ? — ስለ ዲጄ የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለማመልከት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ብሂል ቃል በቃል የሚፈጸምበት አንድ የሙያ መስክ በመካከላችን ይገኛል። እርሱም በሠርግ አዳራሽ፣ በምሽት ክበብና በአደባባይ በዓል ዘፈንን ከዘፈን እያያያዘ ሕዝብን የሚያጫውተው ዲጄ የተሰማራበት መስክ ነው። ዲጄ እንጀራውን የሚበላው በጆሮው ነው። ስለ ጆሮው ከማይጨነቁት ሰዎች መካከል ግን ፊተኛውን ስፍራ ይዞ የምናገኘው ራሱን ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአንድ ሠርግ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ሙዚቃውን የያዘው ወጣት ሥራውን የሚያውቅ፣ የታዳሚውን ስሜት የሚያነብ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን በራሱ ላይ ያጠለቀው ማዳመጫ ቆዳው ተልጦ ጥቋቁር ፍርፋሪው በጉንጩ ላይ ተለጣጥፏል፤ ስፖንጁ ወጥቷል፤ የተሰበረው ቅስት በፕላስተር ተጠቅልሏል። የማዳመጫው ጉልላት ጆሮው ላይ አልቀመጥ ስላለው በግራ እጁ እየደገፈ በአንድ እጁ ብቻ ይሠራል፤ የሚቀጥለው ዘፈን አልሰማው ሲል ደግሞ የማዳመጫውን ድምፅ ደጋግሞ ይጨምራል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ አዛውንት ቀርበው «ልጄ፣ እስቲ ለእኛም የድሮውን አሰማን» ቢሉት፣ ሌላውን ጆሮውን አዙሮ «አባባ፣ ምን አሉኝ?» አለ። ኋላ ስጠይቀው «ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ነገ ይተወኛል» ሲል ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። «ነገ ይተወኛል» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አልተወኝም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሥር ሰድደው ይታያሉ። የመጀመሪያው «ማዳመጫ ያው ማዳመጫ ነው፤ ድምፅ ካወጣ ይበቃል» የሚለው የቸልተኞች አመለካከት ነው። ሁለተኛው የማዳመጫውን ዋጋና ስም አንገት ላይ እንደሚንጠለጠል ጌጥ የሚቆጥረው የታይታ አመለካከት ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ በመሠረቱ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ሁለቱም መሣሪያውን ከሠራተኛው ይነጥሉታል። የመጀመሪያው ሠራተኛውን ፈጽሞ ይረሳዋል፤ ሁለተኛው ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳነት ይለውጠዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ለዲጄ ማዳመጫ ምቾት ከስምም ከመልክም የሚቀድም የሙያ መመዘኛ ነው፤ የማይመች ማዳመጫ በመጀመሪያ ሥራውን፣ በመጨረሻም ጆሮውን ያጠፋል።

ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። የጆሮ ማዳመጫ ገና ከጅምሩ የሥራ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በማዕድ ቤቱ የሠራውን ማዳመጫ የተቀበለው የአገሩ ባሕር ኃይል ነው፤ የሬዲዮ መልእክት ለሚያዳምጡ ሠራተኞች ያስፈልገው ነበርና። ጆን ኮስ ለሙዚቃ የሚሆን ስቴሪዮ ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ወደ 1970 ግድም በኒው ዮርክ ፍራንሲስ ግራሶ የሁለት ሸክላዎችን ምት በማዳመጫ እያጣጣመ ማያያዝን የሙያው ምሰሶ አደረገው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያው ከተማ በብሮንክስ ሠፈር ግራንድማስተር ፍላሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀቱን ተጠቅሞ፣ ሕዝቡ አንዱን ሸክላ ሲሰማ እርሱ ሌላውን ቀድሞ የሚያደምጥበትን ማብሪያ በገዛ እጁ ሠራ። የማዳመጫው ፋይዳ በዚህ ይገለጻል። ሕዝቡ የሚሰማው የአሁኑን ነው፤ ዲጄው ግን የአሁኑንም የሚመጣውንም አጣምሮ ይሰማል። ማዳመጫው የነገሩን መጪ ክፍል የሚያይበት መስኮት ነው።

«ዛሬ እኮ ኮምፒዩተር ምቱን ራሱ ያጣጥመዋል፤ ጆሮ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን አገር ሙዚቃ የዘነጉ ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን ካቋቋመ ወዲህ በሸክላና በካሴት የወረሰነው ታላቅ ሀብት የተቀረጸው ሙዚቀኞች አንድ ላይ ተቀምጠው እየተጫወቱ ነው። የሰው እጅ ምት ይተነፍሳል፤ ዘፋኙ ሲግል ይፈጥናል፣ ሲያንጎራጉር ይዘገያል። ወጥ ፍጥነት ላለው ዘፈን የተዘጋጀው የኮምፒዩተር ስሌት በእንዲህ ያለው ዘፈን ላይ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ የችክችካንም ምት በሁለት ወይም በሦስት መክፈል ሲቸግረው እናየዋለን። ስለዚህ የትናንቱን ዘፈን ከዛሬው ጋር በክብር ሊያገናኝ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ዲጄ ከሌላው የበለጠ እንጂ ያነሰ ጆሮ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ምቾትና የጆሮ ጤና የሚገናኙት የት ላይ ነው? መልሱ ማዳመጫው ከጆሮ ጋር በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ነው። ትራሱ በደንብ ካልገጠመ በቅድሚያ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ይኸውም ዲጄው ምቱን የሚለይበት የከበሮና የቤዝ ድምፅ ነው። በክፍተቱ ደግሞ የአዳራሹ ጩኸት ይገባል። ዲጄው የጎደለውን ለማሟላትና የገባውን ለመርታት የማዳመጫውን ድምፅ ይጨምራል። የሚቆነጥጥ ማዳመጫ ከሆነም ሕመሙን ለማስታገስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሲገፋው ይከፈታል፤ ሲከፈት እንደገና ድምፅ ይጨምራል። አንድ ጆሮ ብቻ ሸፍኖ መሥራትም የራሱ ዋጋ አለው፤ በሁለት ጆሮ የተሰማ ድምፅ በአንዱ ብቻ ከተሰማው ጎላ ብሎ ይሰማልና፣ በአንዱ የሚሠራው ሰው ሳያውቀው ወደ ላይ ይወጣል። ዘወትር ያንኑ ጆሮ የሚጠቀም ከሆነ ጉዳቱ በአንድ ወገን ይከማቻል።

ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤ ቁጥር አለው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም ለሠራተኛ ጆሮ የሚመክረው ወሰን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ደግሞ 2 ሰዓት ይሆናል። በ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ አዳራሾች ባወጣው መመዘኛ እንደ ጣሪያ ያስቀመጠው ይህንኑ 100 ዴሲቤል ነው። ይህም ጥቂት ሰዓት ጨፍሮ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ታዳሚ የታሰበ ነው፤ በየሳምንቱ በዚያው ስፍራ ለሚቆመው ሠራተኛ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ጭውታው በማግሥቱ ሲተው ወጣቱ ጆሮው የዳነ ይመስለዋል፤ ማስጠንቀቂያው ማለፉን ግን ጉዳት እንዳልደረሰ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ ማዳመጫ ስንመርጥ ምን እንይ? በመጀመሪያ ጀርባው የተዘጋ ይሁን። ጀርባው ክፍት የሆነው ማዳመጫ ጸጥ ባለ ክፍል ድምፁ ሰፊና ያማረ ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ግን በር እንደሌለው ቤት ነው። ቀጥሎ የአቀማመጡ ጉዳይ ይመጣል። ጆሮን ዙሪያውን የሚከብበው ዓይነት ጫናውን በጆሮው ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ስለሚያሳርፍ ለረጅም ሰዓት ይመቻል፤ በምትኩ ይከብዳል፣ ያሞቃልም። በጆሮው ላይ የሚያርፈው ደግሞ ቀላል ሲሆን የጆሮን ልም አጥንት ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የዜንሃይዘር ኤችዲ 25 ክብደቱ ያለ ገመዱ 140 ግራም ያህል ነው፤ አንዱ ጉልላት ከጆሮ ይዞራል፤ ክፍሎቹ እየተፈቱ ይለወጣሉ። በዲጄዎች ዘንድ ያገኘው ክብር ያለ ምክንያት አልመጣም። ሆኖም አጥብቆ ስለሚይዝ አንዳንዱ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊታገሠው አይችልም። ከዚህ የምንማረው፣ የተመሰገነ መሣሪያ እንኳ በእያንዳንዱ ሰው ራስ ላይ እንደገና መፈተን እንዳለበት ነው። ስም የሌላውን ሰው ልምድ ይነግረናል፤ የራሳችንን ጆሮ ግን አይለካልንም።

ፈተናውም በሱቅ መስታወት ፊት ለአንድ ደቂቃ የሚደረግ አይደለም። መነጽር የሚያደርግ መነጽሩን እንዳደረገ፣ ሹሩባ የተሠራች ሹሩባዋን እንደተሠራች፣ አፍሮ ያለውም አፍሮውን ሳይጨፈልቅ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይልበሱት። አንገታቸውን ወደ መሣሪያው ያጎንብሱ፤ ራሳቸውን ይነቅንቁ፤ አንዱን ጉልላት ወደ ኋላ መልሰው አንድ ጆሮ ይክፈቱ። መነጽሩን ጆሮ ላይ የሚቀብር፣ ሲያጎነብሱ የሚንሸራተት፣ አናት ላይ አንድ ነጥብ የሚወጋ ማዳመጫ በአራተኛው ሰዓት ጠላት ይሆናል። ከዚያም በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን በዝቅተኛ ድምፅ ይክፈቱ። በዝቅተኛ ድምፅ ምቱን አጥርቶ የሚያሰማ ማዳመጫ የሠራተኛ ወዳጅ ነው፤ ካልጮኸ የማይሰማው ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ይቅር።

ገመድ አልባው ፋሽን ብዙዎችን አሳስቷል። በብሉቱዝ የሚተላለፍ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን በአንድ ምትና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። 150 ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ድምፅ የምቱን ሲሦ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው፤ በእርሱ ሁለት ዘፈን ማጣጣም በትናንት ጋዜጣ የዛሬን ዜና እንደ ማንበብ ይሆናል። ለጉዞ የሚጠቅመው ጩኸት የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክስም የተዘጋጀው በዋናነት እንደ አውሮፕላን ሞተር ላለ ወጥ ጉርምርምታ እንጂ ለከበሮ አይደለም። ለዲጄ የሚበጀው በአንድ ወገን የሚወርድ፣ ሲሳብ የሚለጠጥና ሲበላሽ የሚለወጥ ገመድ ነው።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው ይከብዳል፤ በገበያው ላይም በታወቀ ስም የተለበጠ አስመሳይ ሞልቷል። ነገር ግን ምቾትን ማስቀደም የድሃውን ባለሙያ ኪስ ይጠብቃል እንጂ አይጎዳም። ትራሱ የሚለወጥ መካከለኛ ማዳመጫ፣ ትራሱ ሲላጥ አብሮ ከሚጣለው ውድ ማዳመጫ ይበልጣል። አሮጌውን ትራስ በአዲስ መተካት ከአዲስ ማዳመጫ ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ይጠይቃል፤ የጠፋውን መግጠምም ይመልሳል። ትራሱ ለዓይን የሚያስጠላ ሲሆን ሳይሆን፣ መግጠም ሲያቆም ነው መለወጥ ያለበት። የሚገዛ የመስሚያ ሕዋስ ግን በየትኛውም ገበያ የለም።

ኃላፊነቱም በዲጄው ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የሥራ ጩኸት መመሪያ ከ2008 ጀምሮ በሙዚቃና በመዝናኛ ሠራተኞችም ላይ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ይህም አጫዋቹ ከፋብሪካ ሠራተኛ እኩል የሚጠበቅ ጆሮ እንዳለው መቀበል ነው። በእኛ ዘንድ ግን ለአዳራሽ መጋረጃ በጀት የሚይዝ ሁሉ ለማዳመጫ ሲጠየቅ ይስቃል። የባህል ሥራ መሪዎች ሆይ፣ ለአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ስትገዙ ትራሱ የሚለወጥ የተዘጋ ማዳመጫና ለአጫዋቹ ቅርብ የሆነ ትንሽ መቆጣጠሪያ ድምፅ ማጉያ አብራችሁ ግዙ፤ የአዳራሹን ምት በቅርብ የሚሰማ ሰው ማዳመጫውን አያስጮኽምና። መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ ቅልቅልን ከማስተማራችሁ በፊት የማዳመጫውን ድምፅ ከዜሮ ጀምሮ ማሳደግን፣ ሁለቱን ዘፈኖች በማዳመጫው ውስጥ አደባልቆ በሁለት ጆሮ መሥራትን አስተምሩ፤ አንድ ማዳመጫ ለአሥር ተማሪ ሲሰጥም ትራሱን ማጽዳት አይዘንጋ። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችም በየመካከሉ ዕረፍት መጠየቅን እንደ ድካም ምልክት አትቁጠሩት።

ክራር መቺው ጅማቱን ይመርጣል፤ ዋሽንት ነፊው ሸምበቆውን ይመርጣል፤ ከበሮ መቺውም ቆዳውን በፀሐይ ይወጥራል። ማንም ይህን ቅብጠት ብሎት አያውቅም። ዲጄውም ማዳመጫውን በራሱ ራስ፣ በራሱ ጆሮና በራሱ ሰዓት ለክቶ ሲመርጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያ በሠርጉ ላይ ያየሁት ወጣት ከሃያ ዓመት በኋላም የአዛውንቱን ልመና ሰምቶ «እሺ አባባ» እንዲል የምንሻ ከሆነ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ መሆኑ ዛሬ ይብቃ።