ስለ ፕላስቲክ ትቢያ

የከተማ ጽዳት ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይን የሚያየውን ጉድፍ ብቻ ነው። መንገዱ ተጠርጎ፤ ቆሻሻውም በጆንያ ታስሮ በመኪና ከተወሰደ ሥራው የተፈጸመ ይመስላል። ዳሩ ግን ፌስታል በሚጣልበትና የመኪና ጎማ በሚፈጭበት ጎዳና ላይ የሚነሣው አቧራ አፈር ብቻ ሊሆን አይችልም። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ወሬን ያለ ሽቦ ከሚያስተላልፈው ጣቢያ ነበር፤ ዛሬ በበጋ ወራት ከላፍቶ እስከ ጀሞ ንፋሱ የሚያደርሰው ሌላ ነገር ነው።

ፕላስቲክ እንደ እንጨትና እንደ ቅጠል በስብሶ ወደ አፈርነት አይመለስም። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የመኪና እግር ይፈጨዋል፤ እየደቀቀ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ስባሪው ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ ይህንንም ስም በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ለዓለም ያስታወቀው ሪቻርድ ቶምሶን የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ሊቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የ22 ሰዎችን ደም መርምረው በ17ቱ ውስጥ የፕላስቲክ ብናኝ አገኙ። በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ገና በመመርመር ላይ ነው። ሆኖም ምርመራው እስኪፈጸም ድረስ በማለዳ ጎዳና የሚጠርጉት እናቶች አቧራውን ከመተንፈስ አያርፉም።

የጎማው ነገር አስቸጋሪ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለጢሱ መልካም መድኀኒት ነው፤ ጎማ ግን በኤሌክትሪክ መኪናም ሥር ያልቃል።

ለፌስታል ግን መላ አለው። የቆራሌውን ሥራ የተመለከተ ሰው ይህን ያስተውላል፤ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ መያዣ ዋጋ ስላለው ከመንገድ ይለቀማል፤ ፌስታልን ግን የሚገዛው የለምና በቱቦ አፍና በአጥር ሥር ተወሽቆ ይቀራል፤ እዚያው ሆኖም ይደቅቃል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይህን ሁሉ ጠርጎ ወደ ትንሹ አቃቂ ያወርደዋል። ይህም ወንዝ በመካኒሳ በኩል ጎመንና ሰላጣ ለብዙ ዘመን ሲጠጣበት የኖረ፤ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርድ ነው። እንግዲህ በጎዳና የተጣለው ፌስታል ደቅቆ ወደ ገበታ አይመለስም የሚል ማን ነው?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይሠራና ከውጭ እንዳይገባ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ ስሱ ፌስታል ከየሱቁ ሳይጠፋ 18 ዓመት አለፈ፤ ባለሱቅ ሚሊ ሜትር የሚለካበት መሣሪያ ከወዴት ያመጣል? ስለዚህም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ማጽደቁ የሚያስመሰግነው ነው።

የቀረው አፈጻጸሙ ነው። ቁጥጥሩ በላፍቶ ጉሊት ቲማቲም ዘርግታ በምትሸጠው እናት ላይ ቢጀመር ፍርዱ የተጣመመ ይሆናል፤ እርስዋ ፌስታል የምትሰጠው ገዢው ባዶ እጁን ስለሚመጣ ነው። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የሚያመርተው ፋብሪካና በጅምላ የሚያከፋፍለው ነጋዴ ነው። ለጉሊቷ ሴትና ለደንበኞችዋ ከቅጣት አስቀድሞ በርካሽ የሚገኝ ዘንቢል ወይም የወረቀት ከረጢት ሊቀርብላቸው ይገባል፤ ዘንቢል የሚሠሩ እጆችም ከአገሩ ገና አልጠፉም።