ማሽኑ የሚከተለው ከበሮ

በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አሠራር ጊዜን የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ነው፤ የምቱ ፍጥነት አንዴ በኮምፒውተር ከተወሰነ በኋላ የቀረው መሣሪያ ሁሉ ለእርሱ ይገዛል፣ የቀደመው ድምፅ ወደ ኋላ ይሳባል፣ የዘገየውም ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግሊዛዊው ኪራን ሄብደንና አሜሪካዊው ከበሮ መቺ ስቲቭ ሪድ እ.ኤ.አ. በ2006 ዶሚኖ በተባለው የለንደን አሳታሚ አማካይነት ያወጡት የ«ዘ ኤክስቼንጅ ሴሽን» አልበም አንደኛ ክፍል ይህን ሥርዓት ገልብጦታል፤ በሦስቱም ረጃጅም ሥራዎች ውስጥ የምቱ ባለቤት ሰው ሲሆን፣ ማሽኑ እየሰማ የሚከተል፣ አንዳንዴም ሳይደርስበት የሚቀር አጃቢ ነው።

ይህ እንዲሆን ያደረገው የአቀራረጹ መንገድ ነው። አልበሙ የተቀረጸው ሁለቱ አብረው በቅጽበት እየፈጠሩ ሲጫወቱ ሲሆን፣ በኋላ የተደረበም ሆነ ተቆርጦ የተስተካከለ ድምፅ የለበትም። «ፎር ቴት» በሚል ስም የሚታወቀው ሄብደን ቀደም ሲል ዝና ያተረፈው ግን በተቃራኒው ዘዴ ነበር፤ በ2003 የወጣውን «ራውንድስ» የሠራው ከልዩ ልዩ ቀረጻዎች ተቆርጠው የተወሰዱ ድምፆችን፣ ማለትም ሳምፕሎችን፣ በትዕግሥት እየገጣጠመ ነው። ከሪድ ጋር ሲጫወት ይህ የማረሚያ ጊዜ ተነፍጎታል፤ አዝማሪ «ተቀበል» ተብሎ የተወረወረለትን ስንኝ እዚያው መመለስ እንዳለበት ሁሉ፣ እርሱም ድምፁን መርጦ በሉፕ፣ እየተደጋገመ በሚዞር የድምፅ ቁራጭ፣ አስሮ ከበሮው ሌላ መንገድ ሳይዝ ማድረስ ነበረበት።

ሪድ በበኩሉ ለእንዲህ ያለው ፈተና እንግዳ አልነበረም። በ1944 በኒው ዮርክ ብሮንክስ የተወለደው ይህ ሰው ገና በወጣትነቱ ለሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ ቀረጻዎች ከበሮ መትቷል፣ በ1960ዎቹ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተሻግሮ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ ጋር ተጫውቷል፣ በቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱም ታስሯል። ለአልበሙ ያመጣው ትልቁ ነገር ግን የፍሪ ጃዝ ልማዱ ነው፤ ፍሪ ጃዝ አስቀድሞ የተወሰነ መዋቅርና የማይለወጥ ምት ሳያስገድደው በተጫዋቾች መደማመጥ ላይ የሚቆም የጃዝ ዘርፍ ሲሆን፣ ጆን ኮልትሬን በሳክስፎኑ ከከበሮ መቺው ራሺድ አሊ ጋር ብቻ በ1967 የቀረጸው «ኢንተርስቴላር ስፔስ» የዚህ የሁለት ሰው ቅርጽ ታላቅ አብነት ነው። ልዩነቱ በኮልትሬን ቦታ እስትንፋስ የሌለው መሣሪያ መቀመጡ ነው፤ ሳክስፎን ነፊ ትንፋሽ ሲያጥረው ያርፋል፣ ሉፕ ግን ካላስቆሙት አያርፍም።

የአልበሙ ድካምም ብርታትም የሚመነጩት ከዚህ ነው። ሄብደን ዝምታ በሚበቃበት ቦታ ጩኸት የሚሞላባቸው ደቂቃዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ሥራ «ሞርኒንግ ፕሬየር» ላይም ሁለቱ እስኪግባቡ ድረስ አድማጭ መታገሥ ግድ ይለዋል (ትዕግሥት ያጣ ሰው ከሁለተኛው ቢጀምር የሚነቅፈው አይኖርም)። «ሶል ኦሲሌሽንስ» ከተባለው ከዚሁ ሁለተኛ ሥራ ጀምሮ ግን የሪድ ምት ሳይሰበር እየተለዋወጠ ሲሄድ ሉፑ ከሥሩ ይንሸራተታል፣ ሄብደንም የተንሸራተተውን መልሶ ለማስማማት ሲጣጣር ይሰማል፤ ይህ መጣጣር በስቱዲዮ እርማት ቢጠፋ ኖሮ አልበሙ ተራ ይሆን ነበር።

በ2007 የወጣው የሁለቱ አልበም «ታንግስ» አጠር አጠር ያሉ ሥራዎችን በመያዙ ለአዲስ አድማጭ ይቀላል፤ ሆኖም በዚያው መጠን ፍልሚያው ሳስቷል። በ2008 «ኤንዋይሲ» ተከተለ፤ ሪድ በ2010 ሲያርፍም ጥምረቱ አበቃ። ወደ «ዘ ኤክስቼንጅ ሴሽን» ስንመለስ፣ አንደኛውን ክፍል በስልክ ድምፅ ማጉያ የሚያዳምጥ ሰው የማሽኑን ፉጨት እንጂ የሪድን የእግር ከበሮ ስለማያገኝ፣ ማን ማንን እንደሚከተል መለየት ይቸግረዋል።